ጀልባውን ማን በላው?

ጥር 6 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ግን ከናፍቆትሽም፣ ከጉልበቴም፣ ከእንቅልፌም በስተቀር ነው ደህና የሆንኩት። አንቺስ እንዴት ከርመሻል? ሞቃቱ አገር ለመገጣጠሚያሽ ተስማማሽ ወይስ ሐኪሞቹ ዝም ብለው ነው ካጠገቤ ያራቁሽ?

ሣጥኑ ደርሶኛል። ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲያወርደው፣ እንደ መናኸሪያው ሰው ሁሉ በቅጽል ስሜ ጠርቶ «ፊሽካ፣ እህትህ የላከችልህ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። ድንጋይ አይደለም በጀት ነው ስለው የባሰ ሳቀ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ምክር ቤቱ ውስጥ ስትተይቢ በየዓመቱ ቀለም የፈሰሰበትን አንድ ቅጂ ወደ ቤት ይዘሽ ትመጪ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ጀርባው ላይ መኪና እየሳልኩ ቁጣሽን እቀምስ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ለዚያው ምክር ቤት እጩ ሆኖ መጽሐፎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያነባል። ያንቺ ጊዜ ካበቃ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት ከምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩ። ውለታሽን በምን እንደምመልስ አላውቅም፤ አመሰግናለሁ ብቻ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ የምሬን ነው የምወዳደረው። ማንም አልገፋፋኝም። ባለቤቴን አማክሬያታለሁ፤ ካሸነፍክ ቤት አትገኝም፣ ከተሸነፍክ ፀባይህ አይቻልም ብላ ፈቅዳለች።

አሁን እርዳታሽን እፈልጋለሁ። የከተማው ሬዲዮ ለሁላችንም ሦስት ጥያቄ ልኮልናል፦ ስለ በጀት ምን ያስባሉ፣ ስለ ግብር ምን ያስባሉ፣ ለቦታው የሚያበቃዎት ምንድን ነው ይላል። ስለ በጀት የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ በየማለዳው መናኸሪያ ውስጥ አሥራ አራት አውቶቡስ አለኝ፣ መስመሩ ግን ሃያ ነው። ሃያውንም እሸፍናለሁ የሚል ተቆጣጣሪ ውሸታም ነው። የእኔ ሥራ የትኞቹ ስድስት መስመሮች እስከ ከሰዓት እንደሚቆዩ መምረጥና ለሚቆየው ሰው ፊት ለፊት ቆሜ መንገር ነው። በጀትም ከዚህ አይለይም። ስለ ግብር ደግሞ፣ ሰው ግብር የሚጠላው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን የት እንደገባ ስለማያየው ነው፤ የመናኸሪያው መውጫ ክፍያ በአሥር ዓመት አራት ጊዜ ጨምሯል፣ መጸዳጃ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ በር የለውም ብያለሁ።

ሦስተኛው ላይ ብዕሬ ደረቀ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። ምን ልበል? አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ? ተቀናቃኜ የዋናው መንገድ ባለ መድኃኒት ቤት ናቸው፤ የተማሩ፣ ሦስት ዘመን የተመረጡ፣ የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ።

ከመጽሐፎችሽ ውስጥ ግን አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ማተሚያ ቤት ያለው ጓደኛዬ እስክናሳትመው ለእናትህም እንዳትነግር ብሎኛል። እናት ስለሌለችኝ ለእናቴ ምትክም አልነግርም። ትንሽ ታገሺኝ።

ወንድምሽ


ጥር 19 ቀን

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለፊደል ግድፈቱ። ስድስት ስህተት አለበት። ለሬዲዮ ከመላክህ በፊት ስላሳየኸኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ስልክ ለምን አትደውዪም እያልክ ሁልጊዜ ለምትጠይቀኝ፣ ስልክ ላይ የተናገርኩትን መልሼ ማንበብ አልችልም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው የሚለውን በወረቀት ሳይ ኖሬ በእርጅናዬ ዓመሌን አልቀይርም። ከክፍሌ ታች ያለው ልብስ ሰፊ መተየቢያዬ ሲንኳኳ በሩ የተንኳኳ እየመሰለው ደንበኛ መጣ ብሎ ይነሳል። ተስማምተን እየኖርን ነው። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ።

ስለ በጀት የጻፍከውን አልነካሁትም። አሥራ አራት አውቶቡስ ለሃያ መስመር ያልከውን ገንዘብ ቢሮ ሆኜ ብሰማው ኖሮ ቀድቼ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። ስለ ግብሩ ግን ተጠንቀቅ፤ ግብር አያስፈልግም ያልክ እንዳይመስል። እኔና አንተ የኖርነው በግብር ነው። ደመወዜ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ገበያ ላይ እንቁላል የምትሸጠዋ ሴትዮ ከከፈለችው ነው የአንተ ጫማ የተገዛው። ይህን ጨምርበት። የበሩንም ነገር አትተው።

ሦስተኛው ላይ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለህ። አትጠይቅ። ስለ ወረቀትና ስለ ሰው ችሎታ የማወራህ ነገር አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ይሁን። ለአሁኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፍ፦ በጀቱን አንብቤዋለሁ በል። በእኔ ዘመን ቀለሙ ሳይደርቅ ተጠርዞ ገጹ እርስ በርሱ የተጣበቀ ቅጂ፣ እንደተጣበቀ ስንት ጊዜ ተመልሶልኛል። እጃቸውን አውጥተው አጽድቀውታል፤ አልገለጡትም። አንተ ገልጠኸዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ብቃት አለ?

ያገኘኸው ነገር ምንድን ነው? የማተሚያ ቤቱን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆናችሁም መስኮት ሰባሪው እሱ፣ ተገራፊው አንተ ነበርክ።

ባለቤትህን ሳሚልኝ። እጩ ሆነህ ስለማላይህ ቢያንስ ፎቶህን ላክ።

እህትህ


የካቲት 8 ቀን

ለእትዬ፣

ጉድ ልንገርሽ፣ ተቀመጪ።

የመልስሽን ምክር ሬዲዮው ላይ እንዳለ አነበብኩት። በጀቱን አንብቤዋለሁ ስል ጋዜጠኛው ራሱ ቀና አለ። እንቁላል ሻጯንም ጠቀስኩ፤ በማግስቱ አንዲት ሴትዮ መናኸሪያ መጥታ የጠራኸኝ አንተ ነህ ወይ ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ፎቶዬን ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ፤ ኮቱ የውሰት ነው፣ ፈገግታው የራሴ።

አሁን ወደ ምስጢሩ። በመጽሐፎችሽ ውስጥ ተራ ቁጥር 117 አለ፦ የወንዝ ማሻገሪያ ጀልባ ጥገናና ነዳጅ፣ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ። ድልድዩ ከተከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ጀልባው ዳር ላይ ተገልብጦ ሣር በቅሎበታል። በጀቱ ግን በየዓመቱ አለ! ያው ቁጥር፣ ያው ገንዘብ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል። በአሥራ አራት ሳባዛው ስድስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሆነ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኛ በየጊዜው «በጀት አነሰ» እየተባልን የመውጫ ክፍያ ሲጨመርብን፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ? የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ናቸው?

ጓደኛዬ ሁለት ሺህ በራሪ ወረቀት አተመ። ርእሱ «ጀልባውን ማን በላው?» ይላል። አሁን ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ረዳቶቹ ተሳፋሪ ሲጠሩ እንኳ በዚህ ነው የሚቀልዱት። እሑድ ዕለት በተደረገው ስብሰባ ከሦስት መቶ ሰው በላይ መጣ። ሽሮፕ ሲለኩ የኖሩ ሰው ስለ በጀት ምን ያውቃሉ አልኩና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጀመሪያ ከኋላ ነበርኩ፤ አሁን ሁሉም እኩል ነህ፣ እንዲያውም ቀድመሃል ይለኛል።

መጨረሻ ላይ ይህን ያየሁት እህቴ በገዛ ጣቷ በተየበችው መጽሐፍ ነው፣ እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት አልኳቸው። ለአንቺ ተነስተው አጨበጨቡ። ያኔ እንባዬ መጣ። ቆመሽ ብታዪ ምንኛ ደስ ባለኝ። ይህ ሁሉ ያንቺ ነው እትዬ። አመሰግናለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 15 ቀን

ለወንድሜ፣

ፎቶውን አይቼዋለሁ። አባታችንን መስለሃል። ኮቱ ትከሻህ ላይ ይሰፋል።

ጉንፋን ስለያዘኝ ብዙ አልጽፍም። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ፋርማሲስቱ ጋሼ ሱቃቸውን አሁንም ራሳቸው ይከፍታሉ? ስለ ወረቀቱ ለአንተ ወይም ለሰው የተናገሩት ነገር አለ?

ሌላው፣ እኔ እስክጽፍልህ ድረስ ተጨማሪ ወረቀት አታሳትም። ምክንያቱን አሁን አትጠይቀኝ።

ስለ ጭብጨባው ያልከውን አነበብኩት። እግዜር ያክብርልኝ፤ ግን ሁለተኛ ስሜን በአደባባይ አታንሳ።

እህትህ


የካቲት 22 ቀን

ለእትዬ፣

ጉንፋኑ እንዴት ሆነ? እውነተኛ ጉንፋን ከሆነ ማለቴ ነው። አንቺ ታመሽ አጭር ደብዳቤ ጽፈሽ አታውቂም፤ ሲያምሽ እንዲያውም ይረዝማል። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። እኔ ስምሽን ያነሳሁት በኩራት ነው።

ለጥያቄሽ መልሱ፣ አዎ፣ ራሳቸው ይከፍታሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ የብረት መዝጊያውን በትከሻቸው ይገፋሉ። ስለ ወረቀቱ ምንም አላሉም። ሬዲዮው ሲጠይቃቸው መዝገቡን ሳላይ አልናገርም፣ ዓይኔም ደክሟል፣ ጊዜ ስጡኝ አሉ። ሰው ሁሉ ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። እኔም ቆጥሬው ነበር።

ሌላም ነገር አለ፣ ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሰዎች መዝጊያቸው ላይ በቀይ ቀለም «ሌባ» ብለው ጻፉ። እኔ አይደለሁም ያስጻፍኩት፤ የእኔ ሰዎች መሆናቸው ግን አይካድም። ጠዋት በዚያ ሳልፍ በጨርቅና በነዳጅ ሲፈትጉት አየኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ደህና አደርክ አሉኝ። ስም አልጠሩም፣ አልተሳደቡም። ደህና አደሩ ብዬ አለፍኩ።

ስለ እሳቸው የምታውቂው ነገር ካለ አትደብቂኝ። ምርጫው ሁለት ወር ነው የቀረው፤ ጓደኛዬም ሌላ ሦስት ሺህ ወረቀት ካላተምን ብሎ አስጨንቆኛል። ባልሽው መሠረት ይዤዋለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 30 ቀን

ለወንድሜ፣

ጉንፋን አልያዘኝም። ዋሽቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። የጀልባውን ደብዳቤህን ሳነብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው ውሃ አመጣልኝ።

ጀልባውን ማንም አልበላውም። ተራ ቁጥር 117ን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ላስረዳህ። በጽሕፈት ክፍላችን አንድ ልማድ ነበር። በጀት ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገውን በቅጽ ይልካል። ቅጹ የዘገየ ካለ ግን ተራ ቁጥሩ እንዳይዛባ የአምናውን እንዳለ እንጽፍና ጠርዙ ላይ በእርሳስ ትንሽ ክብ እናደርጋለን። ክቡን ያየ የገንዘብ ቢሮ ሰው፣ ይሄ ገና ነው ብሎ ያጣራል ማለት ነው። ድልድዩ በተከፈተበት ዓመት የጀልባው ሹም ጡረታ ወጡ። ቅጽ የሚልክ ሰው አልነበረም። እኔም እንደ ልማዳችን የአምናውን ጻፍኩ፣ ክብ አደረግኩ። በዚያው ሳምንት ረቂቁ ላይ ውሃ ፈሰሰበትና ሃያ ገጽ እንደገና በንጹሕ ተየብኩ። በንጹሑ ላይ ክቡን አልመለስኩትም። ረሳሁት። በቀጣዩ ዓመት 117 የጸደቀ መስመር ሆኖ ጠበቀኝ፤ የጸደቀውን መገልበጥ ደግሞ ሥራዬ ነው። ስምንት ዓመት ገለበጥኩት። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ ኮምፒውተሩ ቀጠለ። ማንም ቀና ብሎ ጀልባ የለንም እኮ አላለም። እኔም ድልድዩን በእግሬ እየተሻገርኩ ወደ ቢሮ እየገባሁ ስለ ጀልባው ነዳጅ ስጽፍ አልገረመኝም። ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ።

ገንዘቡ የት ገባ ለሚለው፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ተመልከት። «ሥራ ላይ ያልዋለ» የሚል ሰንጠረዥ አለ። ጀልባው እዚያ አለልህ፣ በየዓመቱ ሳይነካ ወደ ግምጃ ቤት ተመልሷል። አንድም ሰው ኪስ አልገባም። ጉዳቱ ግን እውነት ነው፤ ያ ገንዘብ ታስሮ በተቀመጠ ቁጥር በጀት አነሰ እየተባለ በእናንተ ላይ ክፍያ ተጨምሯል። እንግዲህ አንተ በጀቱን አንብቤዋለሁ ስትል መጨረሻው ገጽ አልደረስክም ማለት ነው። እኔ ነኝ እንደዚያ በል ያልኩህ፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጊዜ ያልኩህ ነገር። እኔ የጽሕፈት ሰርተፍኬት የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። እናታችን ስትሞት አንተ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ። ለትምህርት ቤቱ የምከፍለው አልነበረኝም፤ የካርቶን ክዳን ላይ የመተየቢያውን ፊደሎች ስዬ በዚያ ነው የተለማመድኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ የማያወጣ መተየቢያ! ማስታወቂያ ወጥቶ ስቀርብ ቀጣሪዎቹ አምስት ነበሩ፤ አራቱ ሰርተፍኬት ስለሌላት ትመለስ አሉ። አምስተኛው ከጤና ቢሮ የተወከለ ወጣት ፋርማሲስት ነበር። «የሚጽፈው ወረቀቱ አይደለም፣ ጣቷ ነው። አስቀምጧትና እንያት» አለ። ተቀመጥኩ፣ አዩኝ፣ ተቀጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ምሳም እራትም ተበላ።

እሳቸው ይህን ውለታ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ምናልባትም ረስተውት ይሆናል። አንተ ሽሮፕ ለኪ ብለህ ያሳቅህባቸው ሰው እሳቸው ናቸው። አልነገርኩህም፤ ያለ ወረቀት መግባቴ ስለሚያሳፍረኝ ደብቄህ ኖርኩ። አሁን የፈለግከውን አድርግ፣ ግን አውቀህ አድርግ።

እህትህ


መጋቢት 7 ቀን

ለእትዬ፣

መጨረሻ ገጾቹን አየኋቸው። አሥራ አራቱንም። እንዳልሽው ነው።

አስቤበታለሁ፤ ይህን ነገር ሆድ ይፍጀው። ወረቀቱን አቁሜያለሁ፣ ስለ ጀልባው ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም። ከምርጫው በኋላ ለአዲሱ ምክር ቤት በደብዳቤ አስረድቼ ስማቸውን አጸዳለሁ። አሁን ብናገር ጸሐፊዋ ማን ናት ይባላል። ለአንቺ ተነስቶ ያጨበጨበ ሕዝብ ነገ ስምሽን ሲያነሳ ልሰማ አልችልም። ጡረታሽንስ ቢነኩት? በካርቶን ክዳን ላይ ተለማምደሽ ያሳደግሽኝ ሴት ነሽ፤ ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። እኔ አንቺን አሳልፌ አልሰጥም። በዚህ አትከራከሪኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 14 ቀን

ለወንድሜ፣

እከራከርሃለሁ።

ስለ እኔ ብለህ ዝም ካልክ ሁለተኛ ጥፋት ጨመርክብኝ እንጂ አላዳንከኝም። የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት። ይሄኛውን ግን እያወቅኩ፣ ከመስኮቴ ሥር ተቀምጬ፣ የሰባ ዓመት ሰው መዝጊያውን ሲፈትግ በሐሳቤ እያየሁ ልሠራው ነው? ከምርጫው በኋላ የሚጸዳ ስም ለማን ይጠቅማል? ያኔ አንተ ወንበሩ ላይ ነህ፣ እሳቸው ሌባ እንደተባሉ ቤታቸው ናቸው።

ስለ ጡረታዬ ጡረታ ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጅቷ በስህተት የተየበ ሰው ጡረታ ቢቆረጥ ኖሮ እዚህ ቢሮ ማን ይቀር ነበር ብላ ሳቀችብኝ። ቢቆርጡትም ይቁረጡት።

እንደምትወደኝ አውቃለሁ፤ ደብዳቤህን አቅፌ ነው ያለቀስኩት። አሁን ግን ውለታዬን መመለስ ከፈለግክ የእኔን ዕዳ ክፈልልኝ። በሕዝብ ፊት ተናገር። ስሜን ከጠየቁህም ንገራቸው።

እህትህ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለእትዬ፣

ተናገርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የእጩዎች ክርክር ነበር። ከዚያ በፊት ጓደኛዬ ማረሚያ ወረቀት እንዲያትምልኝ ለምኜው ነበር። «ክስ አትሜ ሰው ሲሻማበት አይቻለሁ፤ ይቅርታ የሚሻማ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝና አላተመም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ የመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ከዚያ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ተራዬ ሲደርስ ስለ በጀት፣ ስለ ግብርና ስለ ብቃት አንድ ላይ እመልሳለሁ ብዬ ተነሳሁ። ብቃቴ በጀቱን ማንበቤ ነው ብያችሁ ነበር፤ መጨረሻውን ገጽ ግን አላነበብኩም ነበር አልኩ። ሰንጠረዡን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ጀልባውን የበላ የለም፣ ሁላችንም ተኝተን ነው፤ ገንዘቡ ታስሮ እኛ ተጨማሪ ከፍለናል፣ ሌባ ግን የለም አልኩ። ስለ እርሳሱ ክብ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሬ ይቅርታ ጋሼ፣ በማላውቀው ነገር ስምዎን አጥፍቻለሁ አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ጸሐፊዋ ማን ናት ብሎ ጮኸ። እመኚኝ እትዬ፣ እዚያች ደቂቃ ላይ አላውቅም ልል ምላሴ ተነስቶ ነበር።

«እህቴ ናት» አልኩ። «ያሳደገችኝ። ይህን እንድነግራችሁ ያዘዘችኝም እሷ ናት።»

የሳቀ ነበር። ባለፈው ያጨበጨብንላት ናት እንዴ ያለም ነበር። ጓደኛዬ ተነስቶ ወጣ፣ ሰባት ስምንት ሰው ተከተለው። እኔ የምቀመጥበት ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ጋሼ ብድግ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጸሐፊ የተሰጣትን ትጽፋለች» አሉ። «አንብቦ እጅ ማውጣት የእኛ ሥራ ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመት እጄን አወጣሁ፤ አላነበብኩም። ለሷ እንዲህ በልልኝ፣ በዚያ ቤት ውስጥ እንደሷ ንጹሕ የሚተይብ አልነበረም፤ ከንጽሕናው የተነሳ ነው ሁላችንም ያመንነው።»

ከዚያ መጥተው ጨበጡኝ። እጃቸው አሁንም ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፤ ቀይ ቀለሙን ገና ፈትገው አልጨረሱትም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት፣ ፊሽካው አንገቴ ላይ እንዳለ።

ያስተማርሽኝን ስላስደረግሽኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አሁን ተሸንፈህ ብትመጣም ፀባይህን እችለዋለሁ ትላለች።

ወንድምሽ


ግንቦት 26 ቀን

ለወንድሜ፣

ውጤቱን የሰማሁት ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ በሬዲዮ ነው። በስድሳ አንድ ድምፅ ተበለጥክ። ለልብስ ሰፊው ስነግረው ስድሳ አንድ ሰው ማለት እኮ አንድ አውቶቡስ ነው አለ። ሥራህ መሆኑን አያውቅም። ሳቅኩና ተመልሼ አለቀስኩ።

ቅር ብሎሽ ይሆን ላልከው፣ አዎ ብሎኛል። ወንበሩ ይገባህ ነበር። ቀይ ቀለሙ ባይኖር፣ እኔ ያችን ክብ ባልረሳ ዛሬ እዚያ ትገባ ነበር። ይህን እያሰብኩ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመስኩም። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ አንዴ በጉንፋን ዋሽቼ በቃኝ።

ትናንት ከጋሼ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አድራሻዬን ከአንተ መቀበላቸውን አልነገርከኝም። በመጀመሪያው ስብሰባ ተራ ቁጥር 117 እንዲሰረዝ፣ የመውጫ ክፍያውም በዚያው ልክ እንዲቀንስ ሐሳብ አቅርበው አልፏል። በየሳምንቱ ረቂቁን ይዘው መናኸሪያ ድረስ እየመጡ ከአንተ ጋር እንደሚያነቡትም ጽፈዋል፤ የእሳቸው ዓይን ደክሟል፣ የአንተ ደግሞ ከእንግዲህ መጨረሻ ገጽ አይዘልም አሉ። ስለ ቅጥሬም ከአንተ ሰምተዋል። ጨርሶ አያስታውሱትም። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳመሰግናቸው የኖርኩበትን ነገር እሳቸው እንደ ሥራ ሠርተውት አልፈዋል።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ያለ ሰርተፍኬት የገባሁ ስለሆነ፣ ቢሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ዛሬ አወቁብኝ እያልኩ ነው ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠራሁት። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልለቀቀኝም። አሁን ግን ትልቁን ስህተቴን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናገርክ፣ ቀጥለህም እህቴ ናት አልክ። ያን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። ትናንት በር ሲንኳኳ አልደነገጥኩም። ፖስተኛው ነበር።

ይሄን ያህል ሰው እንድትሆን ብዬ አሳደግኩህ ብል ውሸት ነው። የማሳድግህ እንድትበላ፣ እንድትለብስ፣ ትምህርት ቤትም እንድትሄድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም፣ አቅሙም አልነበረኝም። ይህን የጨመርከው አንተ ነህ።

አመሰግንሃለሁ።

እህትህ